አጥቂ ቶሎ ያልቃል፦ ስለ ድራፍት ፋንታሲ ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። አካም ጅርቱ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፣ ፊት ላይ ባዶ ወንበር አለ። ዛሬ ማታ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ውጤት የሚያይ ሰው አይኖርም ብዬ አምናለሁ።

የጠራችሁኝ ስለ ፋንታሲ እንዳወራ ነው፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን ቡድን ሠርተን፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ ስለምንሰበስብበት ጨዋታ። አብዛኞቻችሁ የምትጫወቱት በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ቡድን የሚገነባበትን ነው። እሱን የማይጫወት ወጣት ጅማ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ አካባቢ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ፣ ግማሹ ሰው የሚያየው ጨዋታውን ሳይሆን የካፒቴኑን ነጥብ ነው። የአርሰናል ማሊያ ለብሶ የሲቲ አጥቂ ሲያገባ የሚጨፍር ሰው አይተናል። ሙድ ይያዝበታል፣ እሱ ግን ግድ የለውም።

ዛሬ የማወራው ስለ ሌላኛው ጨዋታ፣ ስለ ድራፍት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ በ2017/18 የጀመረው ነው። አምና የዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉ ልጆች ዶርም ውስጥ ሲጫወቱት አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። «ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ የትኛውን ቦታ ልውሰድ? አጥቂ? አማካይ? ወይስ ጥሩ በረኛ ይዤ ልረፍ?»

ለማያውቁት ሕጉን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሊጉ ውስጥ ከ2 እስከ 16 ሰው ይገባል። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ሳላህን እኔ ከወሰድኩት እናንተ የላችሁም፣ አለቀ። ዋጋ የለም። ካፒቴን የለም። ቡድኑን በሙሉ የሚያስቀይረው ዋይልድ ካርድም የለም። እያንዳንዱ ሰው 15 ተጫዋች ይይዛል፤ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ተራው በዕጣ ይወጣል። አስር ሰው ከሆናችሁ ከአንደኛ እስከ አስረኛ ይሄድና፣ ሁለተኛው ዙር ከአስረኛው ይጀምርና ወደ አንደኛው ይመለሳል። እንዲህ እየተመላለሰ 15 ዙር ያልቃል።

ሕጉ ይሄው ነው። ከባዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰው ድራፍት ላይ የሚሸወደው የተለመደውን ፋንታሲ ልማድ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እዚያ ሃላንድን ካፒቴን ታደርገዋለህ፣ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። እዚህ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። እዚያ በ4 ሚሊዮን የሚገኝ ተሰላፊ ተከላካይ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለሌላው ገንዘብ ያስቀርልሃል። እዚህ ርካሽነቱ ምንም አያደርግልህም። ስለዚህ «ይሄ ልጅ በዚህ ዋጋ አሪፍ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከነጭራሹ እርሱት። ድራፍት ላይ የምትከፍሉት ዋጋ ተራችሁ ነው። አሁን ይሄን ብወስድ፣ ተራዬ እስኪመለስ ምን ያልቅብኛል? ሁሉም ነገር እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ።

ሰፈር ውስጥ ቡድን ስንመርጥ የነበረውን አስታውሱ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆሙና በየተራ «አንተ ወደኔ፣ አንተ ወደኔ» ይባላል። መጀመሪያ በረኛ የሚመርጥ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። በረኛ ለመሆን ሁሌም የሚገኝ ሰው አለ፤ ካልሆነ ደግሞ ሩጫ የማይችለው ይገባል። ጎል የሚያገባው ልጅ ግን አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እሱን ያልወሰደ ልጅ ጨዋታው ሳይጀመር ፊቱ ይለዋወጣል።

አሁን ቁጥር እንይ። ወረቀት የያዘ ይጻፍ።

አስር ሰው ነን እንበል። አስር ሰው ሦስት ሦስት አጥቂ ሲይዝ 30 አጥቂ ያስፈልጋል። ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ስንት ክለብ አለ? ሃያ። በዚህ ዘመን አብዛኛው ክለብ በአንድ ፊት አጥቂ ነው የሚጫወተው። ሁለት የሚያሰልፉትን ብንጨምር እንኳ በየሳምንቱ በቋሚነት የሚሰለፍ አጥቂ 25 ቢደርስ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ገና ከመነሻው አይሞላም። አምስት ቦታ ይጎድላል፤ ከመካከላችን የተወሰነው ሰው ቤንች ላይ የሚቀመጥ አጥቂ ታቅፎ ይቀራል። ማን እንደሚሆን ነው የማይታወቀው።

አማካይ 50 ያስፈልጋል። ግን ፋንታሲው ክንፍ ላይ የሚጫወቱትን ሁሉ አማካይ ነው የሚላቸው። ሳላህ አማካይ ነው። ሳካ አማካይ ነው። ከየክለቡ አራት አምስት አማካይ ይሰለፋል። ሃያ ክለብ ሲባዛ ከ80 በላይ ነው። ተከላካይም 50 ይፈለጋል፤ በየሳምንቱ የሚሰለፈው 80 አካባቢ ነው። ሁለቱም ጋ ትርፍ አለ።

በረኛ 20 ይፈለጋል፣ ያለውም 20 ነው። ልክ ጥብቅ ያለ ይመስላል። ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው በሳምንት የሚቆጠርላችሁ። አንደኛው ከተሰለፈ ሁለተኛው እቤቱ ቢተኛም ችግር የለም።

«ታዲያ አጥቂ ለጎል 4 ነጥብ ብቻ አይደል እንዴ የሚያገኘው?» የሚል ሰው አለ። ልክ ነው። አማካይ 5፣ ተከላካይ 6 ያገኛል። አማካይ ደግሞ ክለቡ ጎል ካልገባበት 1 ነጥብ ይጨመርለታል፣ አጥቂ ግን አይጨመርለትም። ነጥብ አሰጣጡ አጥቂን የሚበድል ይመስላል። በጠቅላላ ነጥብም ብዙ ጊዜ ከላይ የሚቀመጠው አማካይ ነው። ሳላህ በ2017/18 በ32 ጎል 303 ነጥብ አመጣ። በ2024/25 ደግሞ 29 ጎልና 18 አሲስት ይዞ 344 ነጥብ ደረሰ፣ ያ ሪከርድ ነው። ፓልመር በ2023/24 244 አመጣ። ሁሉም አማካዮች ናቸው።

እንግዲህ ሰው ይሄን ዝርዝር ያይና «አማካይ ቀድሜ ልሰብስብ» ይላል። እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም እዩ።

የ2022/23ን ውድድር ላሳያችሁ። ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ሃላንድ በ36 ጎል 272 ነጥብ አመጣ። ኬን 263። ሦስተኛው አጥቂ ማን ነበር? የብሬንትፎርዱ ቶኒ፣ 182። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የ81 ነጥብ ገደል አለ። ቶኒ ሰነፍ አልነበረም፣ 20 ጎል አግብቷል። ግን 81 ነጥብ ማለት የአንድ ተራ ተከላካይ የዓመት ሙሉ ልፋት ነው።

ወደ አማካዮች ኑ። ሳላህ 239። ኦዴጋርድ 212። ራሽፎርድ 205። ሳካ 202። ማርቲኔሊ 198። ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሳላህን ያጣ ሰው ራሽፎርድን አገኘ እንበል፤ የጎደለው 34 ነጥብ ነው፣ ለዓመት። በሳምንት ሲካፈል አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ኬንን አጥቶ ቶኒን የያዘው ሰውዬ ግን በየሳምንቱ ከሁለት ነጥብ በላይ ሲያጣ ከረመ። ከቶኒ በታች ያሉትን የያዘውማ አይነሳ።

በረኛዎቹም የዚያው ዓመት ናቸው። ራያ 166 ነጥብ ይዞ አንደኛ። አሊሰን 162። አራት ነጥብ! ለአራት ነጥብ ብሎ ሦስተኛ ዙር ላይ በረኛ የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥም ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። (ሳቅ።) ይባስ ብሎ ራያ ያኔ የብሬንትፎርድ በረኛ ነበር። ብሬንትፎርድ ዘጠነኛ ወጣ። ዋንጫ የወሰደው የሲቲው ኤደርሰን ከራያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የጨረሰው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲቲ ላይ ኳስ አይመታም። ኳስ ካልተመታ የሚያድን በረኛ የለም፣ ለሦስት ማዳን የሚሰጠው 1 ነጥብም የለም። ስለዚህ በረኛ ላይ የክለብ ስም እንኳ አይረዳችሁም። መጨረሻ ላይ ውሰዱት። ብዙ ኳስ የሚመታበት፣ ግን እንደ ወንፊት የማይፈስ መካከለኛ ክለብ በረኛ አስራ ሦስተኛ ዙር ላይም ይገኛል።

ይሄን ሐሳብ እኔ አልፈጠርኩትም። ፋንታሲ የተጀመረው አሜሪካ ነው፣ በእነሱ እግር ኳስ፣ ያው በእጅ በሚይዙት። ዊንከንባክ የሚባል ሰው፣ የኦክላንድ ሬይደርስ ከፊል ባለቤት፣ በ1962 ከጓደኞቹ ጋር ሐሳቡን አመጣው። የመጀመሪያው ምርጫ በ1963 ተደረገ። ያኔ በአንደኛነት የተመረጠው ጆርጅ ብላንዳ ነው፤ ኳስ ወርዋሪም፣ ኳስ መቺም ነበር። ወርዋሪው፣ እነሱ ኳርተርባክ የሚሉት፣ በሜዳው ላይ ዋናው ሰው ነው። ብዙ ነጥብ የሚያመጣውም እሱ ነው። ታዲያ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልምድ ያለው ሰው አንድ ኳርተርባክ ብቻ በሚሰለፍበት ሊግ ቀድሞ አይወስደውም። ለምን? 32 ክለብ አለ፣ ስለዚህ 32 ኳርተርባክ በየሳምንቱ ይሰለፋል። 12 ሰው ያለበት ሊግ የሚያሰልፈው 12 ብቻ ነው። ሃያዎቹ ይተርፋሉ። ቀድሞ የሚወስዱት ኳስ ይዘው የሚሮጡትን ነው። ሁለት ሁለት ይሰለፋሉ፣ እያንዳንዱ ክለብ ደግሞ ሩጫውን ለሁለት ልጅ ያከፋፍላል። ሙሉ ሥራ ያለው ሯጭ ጥቂት ነው።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም፣ እኔን ያስገረመኝም ይሄኛው ነው። በ2013 ሾን ሲጌሊ የሚባል ጸሐፊ ተቃራኒውን ይዞ መጣ። ሯጮች ይጎዳሉ አለ። ከሁሉም በላይ የሚጋጩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ኳስ ተቀባዮችን ሰብስብ፣ ሯጭን ወደኋላ ተወው፣ በመሀል ዋናዎቹ ሲጎዱ ተቀያሪዎቹ ይወጣሉ አለ። አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ ዋንጫ በላበት። እስካሁን ይከራከራሉ።

ይሄን ያነሳሁት እኔ የምነግራችሁም የተቆለፈ ነገር እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። አጥቂ ቶሎ ያልቃል የምለው ቁጥሩ ስለሚል ነው። ሊጋችሁ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ ሰዎች በሙሉ ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ቢሰሙኝና ሁሉም በአጥቂ ቢጀምሩ ግን፣ እናንተ አማካይ ትሰበስባላችሁ። ሰዉ የሚሻማበትን ትታችሁ ወደ ተረሳው መሄድ ነው። ስለዚህ ድራፍቱ ሲካሄድ ዓይናችሁ የራሳችሁ ቡድን ላይ ብቻ አይሁን። ከእናንተ ቀጥሎ ያሉት ሰዎች ስንት አጥቂ እንደያዙ ቁጠሩ። ከኋላችሁ ያሉት ሦስቱም ሁለት ሁለት አጥቂ ካላቸው የእናንተ አጥቂ አይነካም፣ አንድ ዙር መጠበቅ ትችላላችሁ። አንድም ካልያዙ ግን እሳት ነው፣ አሁኑኑ ውሰዱ።

የተራ ቁጥራችሁም ወሳኝ ነው። አስር ሰው ባለበት አንደኛ የወጣ ሰው የሚመርጠው 1ኛ፣ ከዚያ 20ኛና 21ኛ ነው። በመሀል 18 ተጫዋች ይሄድበታል። አስረኛ የወጣው 10ኛና 11ኛን አከታትሎ ይወስድና እስከ 30ኛ ቁጭ ብሎ ያያል። አምስተኛው 5ኛ፣ 16ኛ፣ 25ኛ፣ 36ኛ ነው፤ ተራው ሳይርቅ ይመለስለታል። መሀል ላይ ያለ ሰው ገበያውን እያየ መሄድ ይችላል። ዳር ላይ ያለ ሰው ግን ገበያውን መጠበቅ አይችልም፣ ራሱ መፍጠር አለበት። እኔ አስረኛ ብወጣ አንድ ትልቅ አማካይና አንድ ትልቅ አጥቂ አንድ ላይ እወስዳለሁ። 30ኛ ላይ ስመለስ ጥሩ አጥቂ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ጥሩ አማካይ ግን አገኛለሁ።

አንደኛ ከወጣችሁ? እዚህ ላይ ፍልስፍና አያስፈልግም። ሳላህ ወይ ሃላንድ፣ ወይም በዚያ ዓመት እንደነሱ የሆነውን ውሰዱ። ቦታ የሚባለው ነገር ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ነው የሚመጣው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ላይ ቢያንስ አንድ፣ ከተቻለ ሁለት አጥቂ ይኑራችሁ። ከአራት እስከ ሰባት አማካይ። ከዚያ ተከላካይ።

ተከላካይን እንዲህ ወደኋላ መግፋቴ የሚያናድደው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሮበርትሰን በ2018/19 213 ነጥብ፣ አሌክሳንደር አርኖልድ በ2019/20 210 አምጥተው ነበር። ትሪፒየርም በ2022/23 198። እንዲህ አይነት ተከላካይ ካለ አራተኛ ዙር ላይ ብትወስዱት አልጣላችሁም። ቅጣት ምትና ኮርና የሚመታ፣ እንደ ክንፍ የሚወጣ ተከላካይ ማለቴ ነው። እሱ ተከላካይ ተብሎ የተመዘገበ አማካይ ነው። ከእነዚያ አንድ ሁለት ሰዎች በኋላ ያለው ግን ሜዳማ ነው፤ ስምንተኛውና ሃያኛው ብዙም አይለያዩም። ይባስ ብሎ ከ2025/26 ጀምሮ ፋንታሲው ለመከላከል ሥራ ነጥብ መስጠት ጀምሯል። ተከላካይ በአንድ ጨዋታ መንጠቅ፣ መመለስ፣ መጋረድ ተደምሮ 10 ከሞላለት 2 ነጥብ ያገኛል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «ተከላካይ ተወደደ» አለ። እኔ የተገላቢጦሹ ነው የሚታየኝ። የታናናሽ ክለብ መሀል ተከላካይ፣ ቀኑን ሙሉ ኳስ በጭንቅላቱ ሲመልስ የሚውለው፣ አሁን ነጥብ አለው። መጨረሻ ዙር ላይ የሚቀረው ተከላካይ ከበፊቱ ተሻለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን እቸኩላለሁ?

አንድ ልጅ ቅድም በር ላይ «ጅማ አባ ጅፋርን ምሳሌ አድርግ» ብሎኛል። ቃሌን ልጠብቅ። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የማን ነበር? የኛው ኦኪኪ አፎላቢ። ስታዲየም የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እሱን የመሰለ አጥቂ ለማግኘት ስንት ክለብ እንደደከመ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እውነተኛው ኳስም ላይ ጎል የሚያገባ ሰው ብርቅ ነው፣ ለዚህ ነው በዓለም ገበያ ላይ የሚወደደው።

ከድራፍቱ በኋላ ስላለው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ማንን ትመርጣላችሁ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ባለቤት የሌላቸውን ተጫዋቾች በየሳምንቱ መጠየቅ ይቻላል። ቅድሚያ የሚሰጠው በደረጃው ታች ላለ ሰው ነው። ጥያቄው የሚዘጋው የጨዋታ ሳምንቱ ከሚዘጋበት 24 ሰዓት በፊት ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ቀን 8፡30 ከሆነ ሳምንቱ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ዓርብ 7 ሰዓት ላይ ያልቃል። ዓርብ 7 ሰዓት ጅማ ውስጥ ምን እንዳለ አልነግራችሁም። ጁምዓ ላይ ሆናችሁ ስልክ ስለማትነኩ ሐሙስ ማታ ጨርሱት። (ሳቅ።) ለማንኛውም፣ ጥቅምት አካባቢ ገብታችሁ ባለቤት የሌላቸውን ስትፈትሹ ምን ታገኛላችሁ? ተከላካይ አለ። ነጥብ የሚያመጣ አማካይ፣ ከታች ያደገ ክለብ ልጅ፣ አለ። በረኛም አይጠፋም። አጥቂ የለም። አጥቂያችሁ ጉልበቱ ከተጎዳ የሚተካው የለም። ያኔ ለሰው ሁሉ መለዋወጥ ብትጠይቁ ሁለት አማካይ ስጠኝ ይላችኋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አራተኛ አጥቂ መያዝ አይቻልም፣ ቦታው ሦስት ነው። ግን ሦስተኛውን ቦታ ዝም ብላችሁ አትሙሉት። አንደኛ አጥቂያችሁ የአንድ ትልቅ ክለብ ከሆነ፣ የሱን ተቀያሪ በመጨረሻው ዙር ውሰዱ። ዋናው ሲጎዳ ተቀያሪው በእጃችሁ ነው። አሜሪካኖቹም ሯጭ ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። ከአስራ ምናምነኛው ክለብ አልፎ አልፎ የሚገባ አጥቂ ከመያዝ ይሻላል።

አፍሪካ ዋንጫን አትርሱ። በጥር 2024 ሳላህ ወደ ኮትዲቯር ሄዶ እዚያው ተጎዳ። ምርጥ ተጫዋቾቻችሁ በሙሉ ወደ አንድ ውድድር እንዳይሄዱባችሁ ቀን መቁጠሪያውን እዩ።

የተጫዋቹን ቦታም ከድራፍቱ በፊት እዩ። ፋንታሲው በየዓመቱ ይቀያይራል። ሃቨርትዝ በ2023/24 አማካይ ነበር፣ በ2024/25 አጥቂ ተደረገ። ያው ልጅ፣ ያው ሜዳ። ለተራው ፋንታሲ ይሄ ኪሳራ ነው፣ ለጎል 5 የነበረው 4 ሆነ። ለድራፍት ግን ሃቨርትዝ ከፍ አለ እንጂ አልወረደም፤ በየሳምንቱ የሚሰለፍ አጥቂ አንድ ተጨመረ ማለት ነው።

ሌላው ነገር የኛው አገር ጉዳይ ነው። ድራፍቱ የሚደረገው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ጅማ ላይ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይከተላል። ተራችሁ ደርሶ ሰዓቱ ካለፈ ሲስተሙ ራሱ ይመርጥላችኋል፤ መጀመሪያ ከምርጫ ዝርዝራችሁ፣ ዝርዝር ከሌላችሁ ከራሱ ደረጃ። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ቢያንስ 30 ሰው በቅደም ተከተል አስገቡ። አጥቂዎቹን ከምታስቡት ትንሽ ከፍ አድርጉ። በረኛ በጭራሽ አታስገቡ፣ አለበለዚያ መብራት ሲመለስ ሁለት በረኛ ይዛችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ።

እሺ፣ ጥያቄ።

[አንድ ጥግ ላይ የተቀመጡ ጎልማሳ «እኛ ሠፈር ስድስት ሽማግሌዎች ብቻ ነን፤ ይሄ ሁሉ ለኛም ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።]

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አይሠራም፣ ወይም በሙሉ አይሠራም። ስድስት ሰው 18 አጥቂ ነው የሚፈልገው። የሚሰለፈው ከ20 በላይ ነው። አጥቂ አያልቅባችሁም። የስድስት ሰው ሊግ ውስጥ ሁሉም ሰው ጥሩ ቡድን ይኖረዋል፤ የሚለያየው ከላይ ያለው ኮከብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታውን ይተዉትና፣ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዙሮች በቀጥታ ትልቅ ነጥብ ያመጣል ብለው የሚያምኑትን ይውሰዱ፣ አማካይም ይሁን ተከላካይ። ሁለተኛ አጥቂ ሰባተኛ ዙር ላይም ያገኛሉ። በተቃራኒው አስራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 36 አጥቂ ያስፈልጋል፣ ያኔ እኔ ከተናገርኩትም በላይ መፍጠን ነው። አንድ አጥቂ ብቻ አሰልፎ መጫወት ይቻላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሦስት ተከላካይና አንድ አጥቂ ከኖረ ይበቃል። ሁሉም ያለቀበት ሰው በአንድ አጥቂና በአምስት አማካይ ይገፋዋል። በረኛውን ግን ጋሼ፣ ስድስትም ሁኑ አስራ ስድስት፣ መጨረሻ።